የማቴዎስ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት የቁም ሣጥኔ በር ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረና፣ ማጠፊያ ልገዛ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ሰው ከቤት ለመውጣት ምክንያት ያስፈልገዋል። ባጃጇ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ስትደርስ መንገዱ ተዘጋና ቆመች። አንዱ አልጋ ይጭናል፣ አንዱ ሚኒባሱን መሀል መንገድ ገትሮ መልስ ይቀባበላል፣ የቀረው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል። ከሥራ ቤቱ ግን የኮላና አዲስ የተላገ የዋንዛ እንጨት ሽታ እየወጣ ነበርና እኔ ለጥሩንባው ጆሮም አልሰጠሁት። "እማማ፣ አፍንጫዎትን ይሸፍኑ እንጂ፤ ኮላ እኮ ራስ ያዞራል" አለኝ ሾፌሩ። "ተወኝ ልጄ፣ ገና አልጠገብኩም" አልኩት። በመስታወቱ አየኝና ሳቀ፤ አሮጊቷ ለቀቀች ብሎ ሳያስብ አልቀረም። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ የማቴዎስ ሽታ ነው። ማቴዎስ ማለት ደግሞ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔን፣ ሴቲቱን፣ የላከ ሰው ነው።

ያኔ ከተማችን አዋሳ ነበር የምትባለው። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልል የሚባለው ነገር መጥቶ፣ በየሰፈሩ ቢሮ ይከፈት ነበር። ታፔላው ከወንበሩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ሥር ቆመን የሠራንበት ጊዜ አለ። እኔ ከደብረ ብርሃን በዝውውር ስመጣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ሰማያዊ ኮት ነበረኝ። ለደብረ ብርሃን ብርድ የተሰፋ ኮት ለአዋሳ ሙቀት እንደማይሆን ሞኝም ያውቃል። ቢሆንም አላወልቅም ነበር፤ ፋሽን ነዋ! ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ቅዳሜ በቢጎዲን የጠቀለልኩት ፀጉሬ እየተፈታ፣ በጋሪ ላይ ኮራ ብዬ እቀመጣለሁ። ከቤቴ እስከ ቢሮ ስሙኒ ነበር። ፈረሱ ከባለቤቱ ይልቅ መንገዱን ያውቃል፤ ሰውየው ሲያንቀላፋ ፈረሱ በራሱ ጊዜ ታጥፎ ቢሯችን በር ላይ ይቆም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ከወረድን የተጠበሰ ዓሣ ከነዳጣው በሁለት ብር ይቀርባል፤ ጣት ያስቆረጥማል። መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ካሴት ቤት ደግሞ ቁመቴን የሚያህሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች በሩ ላይ ገትሮ ከጧት እስከ ማታ ይለቅብናል። አንድ ዘፈን የወጣ ሳምንት ሌላ ዘፈን መስማት ዘበት ነበር፤ ካሴቱን በአሥር ብር ገዝቶ ቤቱ የሚወስድ ሰው ምን ጎድሎበት እንደሆነ ይገርመኛል፣ ከተማው ሁሉ በነፃ እየሰማው።

እኔ የተመደብኩት ማኅበራዊ ጉዳይ ነው። ሥራችን በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል፤ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ጧሪ ያጡትን መደገፍ ይላል። በተግባር ግን መራመድ ላቃተው ክራንች፣ ለቀረው ሁሉ ዱቄት ነበር። ለዓይነ ስውሩም ዱቄት፣ መስማት ለተሳነውም ዱቄት። የሚቸገሩ ሰዎች የሚቸገሩበት ነገር የተለያየ ነው የሚል ሐሳብ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። መስማት የተሳነው ሰው ሲመጣማ ሁላችንም እንጮህበት ነበር። "ነገ! ከሰዓት! ና!" እንላለን ጠረጴዛ እየደበደብን፤ ሰውየው አፋችንን እያየ በትዕግሥት ፈገግ ይላል። አሁን ሳስበው እኛን ያዩ የነበሩት እንደ እብድ ነው፤ አልተሳሳቱም።

ከዚያ ጩኸት ያወጡኝ ጋሽ በየነ ናቸው። ጋሽ በየነ መናኸሪያ አጠገብ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ማጅራት ገትር ታመው መስማት ያቆሙ፣ አዲስ አበባ ተልከው የምልክት ቋንቋ የተማሩ፣ ሚስታቸውም እንደሳቸው የማይሰሙ። ያን ኮቴን ላስጠብብ ወስጄላቸው፣ እንደ ልማዴ ስጮህ፣ መርፌያቸውን አስቀምጠው እጄን ያዙኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፉ "ኮት" እንዴት እንደሚባል አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ በየሰበቡ በረንዳቸው ላይ እቀመጥ ጀመር። እሁድ እሁድ የከተማው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሐይቁ ዳር ሾላ ዛፍ ሥር ይሰበሰቡ ነበርና ወደዚያም ወሰዱኝ። እንደዚያ ያለ ወሬኛ ጉባኤ አይቼ አላውቅም! ከሩቅ ላየው ሰው ፀጥ ያለ ነው፤ ቀርቦ ላወቀው ግን ሐሜቱ፣ ቀልዱ፣ ክርክሩ ገበያ ነው። ስም እዚያ የሚወጣው በመልክ ነው። እኔ ፍንጭት ስለሆንኩ ጣት የፊት ጥርስ ላይ ማስነካት ስሜ ሆነ። እናቴ ጽጌ ብላ ስታወጣልኝ ቄስ ጠርታ ነበር፤ ሾላ ሥር ግን አንድ አፍታ አልፈጀም።

ማቴዎስን ያወቅሁት እዚያ ነው። የይርጋለም ልጅ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። እጁ ወርቅ የሆነ አናጢ ነበር፣ ሲመጣም ሲሄድም ኮላ ኮላ የሚሸት። ዘፈን ይወድ ነበር ብል ይታመን ይሆን? ከሥራ ሲወጣ ካሴት ቤቱ በር ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ጀርባውን አስደግፎ ይቆማል፤ ከበሮው በአጥንቱ ይገባዋል። የሚወደውንና የማይወደውን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ሲሆን "ይሄ ምንም የለውም" ብሎ ጥሎ ይሄዳል። ጨዋታ ይወዳል፣ ሰው ያስቃል፣ ፂሙን ሳይላጭ እሁድ አይወጣም። አንድ እሁድ ታዲያ ሰናይት ወደ ሾላው መጣች፤ እሷም የማትሰማ፣ ልዩ ትምህርት ክፍል የተማረች፣ ረጅም፣ ጉርድ ቀሚሷን በልኳ ያሰፋች ልጅ። ማቴዎስ ያን ቀን ቀልዱ ጠፋበት። ሁለቱ አንድ ዓመት ያህል ከሰው ፊት ሳይሸሹ አወሩ፤ ደግሞስ መሸሽ ቢፈልጉ የት ይሆናል፣ መቶ ዓይን የሚያየው ወሬ!

ማቴዎስ ሊያገባት ቆረጠ። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ዘለቀ የመንዝ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ፣ ጡረታ ወጥተው ታቦር ተራራ ሥር ቤት የሠሩ። ከታቦር ሰፈር ሁሉ እንደሳቸው የሚያወራ አልነበረም፤ ሲስቁ እታች አስፋልት ድረስ ይሰማል። መናኸሪያ ወርደው ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ አውቶቡስ ያመለጠው ተሳፋሪ እንኳ ቆሞ ያዳምጣቸዋል። ከሰናይት ጋር ግን አያወሩም፤ ሊያወሩ አይችሉማ። ሦስት ምልክት ነበር የሚያውቁት፦ ብዪ፣ ነዪ፣ ሂጂ። የቀረውን ሁሉ በእናቷ በእትዬ አስካለ በኩል ነበር የሚጨርሱት። "ለሷ የሚሰማ ባል ነው የምፈልግላት" ይሉ ነበር በግልጽ። "ለቤቱ አንድ ጆሮ እንኳ አያስፈልገውም?"

ሾላው ሥር ምክር ተቀመጥን። እኔ ማቴዎስን ይርጋለም ያሉ አጎትህን ላክ አልኩት፤ የተከበሩ፣ አንደበታቸው የሚጣፍጥ ሰው ናቸው። ማቴዎስ በቁጣ እጁን አወናጨፈ። "አጎቴ ከተወለድኩ ጀምሮ ያውቀኛል፤ አንድ ቀን ግን አናግሮኝ አያውቅም" አለ። "ስለኔ ምን ብሎ ይመሰክራል? ቁመቴን? ስለኔ የሚናገር ሰው እኔን ያናገረ ይሁን።" ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ጋሽ በየነ፣ አንድ ሸማኔና አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ሆኑ፤ ሦስቱም የማይሰሙ። አፋቸው ደግሞ እኔ። ከሙሽራዋ እናት በቀር እጅ የሚያነብ፣ ለሽምግልና ዕድሜው የደረሰ ሌላ ሰው በከተማው ቢገኝ ኖሮ በደስታ እለቅለት ነበር፤ አልተገኘም። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ እራቱን አቁሞ ሳቀብኝ። "ሽማግሊት! ዱላም ልግዛልሽ?" አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጫማዬን ቀብቼ፣ ያን ሰማያዊ ኮት ለመጀመሪያ ጊዜ እቤት ትቼ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ የሆነው በአቋቋማችን ነው። ሽማግሌ ሲገባ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ጋሽ በየነና ጓደኞቻቸውም በሰርግ ሰሞን በዓይናቸው ያጠኑትን ሁሉ አሟልተው፣ ካባቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጋሽ ዘለቀ ፊት ተደርድረው ቆሙ። እኔ ከጎናቸው ልቆም ስል እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። "ነዪ ወደዚህ አንቺ፣ ወንዶቹ ይነጋገሩ" ብለው በፍቅር እየጎተቱ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ጓዳው በር ላይ አቆሙኝ። እንግዳ የቤቱን እመቤት እንዴት እምቢ ይላል? ጋሽ ዘለቀ ንግግራቸውን ጀመሩ። መቼም የሳቸው ንግግር ነው፤ ከመንዝ ተነሥቶ በአዲስ አበባ አድርጎ፣ ሻሸመኔ ላይ ሻይ ጠጥቶ ነው አዋሳ የሚገባው። እኔ ከኋላ እጄን አወናጭፋለሁ፤ ማን ያየኛል? ሽማግሌዎቹ የሚንቀሳቀስ አፍ እያዩ ቆመዋል። በመጨረሻ ጋሽ በየነ "አፋችን የት ሄደች?" ብለው ዞር አሉ፤ እኔን ሲያገኙ ሁለቱም ተከትለዋቸው ዞሩ። ሦስት ሽማግሌ በባለቤቱ ንግግር መሀል ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጓዳ አፈጠጠ።

ጋሽ ዘለቀ ንግግራቸው ሻሸመኔ ላይ ተቋረጠ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ከጓዳው በር ሆኜ አየሁት። "ሰው ቤት ገብቶ ጀርባ የሚሰጥ ሽማግሌ ዛሬ አየሁ!" አሉ። እኔ እየሮጥኩ መሀል ገብቼ፣ ንቀት እንዳልሆነ፣ የሚሰሙት በዓይናቸው እንደሆነ፣ ጥፋቱ ከአቋቋም መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። የተቆጣ ሾፌር ግን በአንዴ አይቆምም፤ ቁልቁለቱን ይጨርሳል። "ፊት ለፊት የሚያዩኝ ሽማግሌዎች ሲገኙ ተመለሱ" ብለው በሩን አሳዩን። ስንወጣ ሰናይት የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ምን ሆነ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ፊታችንን አንብባ ጨርሳለች። ያን ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሽ በየነ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ መስማት ለተሳነው ሰው ይሄ ማኩረፍ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዛሬው ጥቂት ካላልኩ ሰው ያ ዘመን እንዳለ የቆመ ይመስለዋል። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት ውስጥ ሆና በእጇ የምትተረጉም ልጅ አለች፤ እኔ ዜናውን ትቼ እሷን ነው የማየው፤ ስትሳሳት እቆጣታለሁ። ምልክት ቋንቋ ተምረው የሚመረቁ ልጆች አሉ። ወጣቶቹ ባጃጅ ውስጥ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አቁመው በምስል ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲጣሉ ሳይ ማቴዎስ ያኔ ይሄ ቢኖረው ኖሮ የስንት አልጋ ሥራ ይቀርበት ነበር እላለሁ። ለተሽከርካሪ ወንበር ተብሎ በየሕንፃው የሚሠራው መወጣጫ ግን አሁንም ቀጥ ያለ፣ ፍየልን የሚያስለምን ነው፤ የሠራው መሐንዲስ በራሱ አንድ ቀን ቢወጣበት ደስ ይለኛል። ገና የቀረም ብዙ ነው። ምጥ ላይ ያለች መስማት የተሳናት ሴት "አሁን ግፊ" የሚላት እጅ በየሐኪም ቤቱ ያስፈልጋታል። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ባንክ፣ ሁሉም ቦታ እንደዚያው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ እርጅናው ነው። ጋሽ በየነ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ለኛ ዓይን ሲደክም መነጽር ነው፤ ለሳቸው ግን ወሬው ሁሉ ነው የሚደበዝዘው። ልጆቻቸው መዳፋቸው ላይ በጣት እየጻፉ ያጫውቷቸዋል፤ እኔም ስሄድ ጣታቸውን ይዤ የፊት ጥርሴ ላይ አስነካዋለሁ፣ ወዲያው ያውቁኛል፣ ይስቃሉ። ልጅ የሌለው ሰውስ? ይህን ያሰበበት ቢሮ እስካሁን አላየሁም፤ ካለ ታፔላውን አሳዩኝ።

ወደ ጋሽ ዘለቀ ቤት ልመለስ። መልሰው የጠሩን ራሳቸው ናቸው፤ እትዬ አስካለ ምን ብለው እንዳግባቧቸው እንጃ፣ ባልና ሚስት መሀል አልገባም። በሁለተኛው ጊዜ ስንገባ እትዬ አስካለ እኔን ቀጥ አድርገው ወስደው ባለቤታቸው ጎን አቆሙኝ፤ ሽማግሌዎቹ እሳቸውንም እኔንም በአንድ ዓይን እንዲያዩ። "ዛሬ ቦታዬን ለቅቄልሻለሁ፤ ማታ ግን እንዳትረሺ፣ ትመልሺልኛለሽ" አሉኝ። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ሳቁና ተቀመጡ አሉን። ጋሽ በየነ ግን ጉዳዩ ሳይነገር አልተቀመጡም፤ "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩላቸው፤ ከዚያ ተቀመጥን። በሰው ፋንታ ሚስት መጠየቅ ቀላል አይምሰላችሁ።

ጋሽ ዘለቀ ያን ቀን አልዞሩም፤ በአቋራጭ ነው የገቡበት። "ማቴዎስ ጨዋ ነው፤ ጠይቄአለሁ። ሞያም አለው። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ነገ ልጅ ይወለዳል። ልጅ ሌሊት ቢያለቅስ ማን ይሰማዋል? እሷ አትሰማ፣ እሱ አይሰማ!" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ያ ጉረኛ ድምፅ ዝቅ ሊል እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ። እየተረጎምኩ እኔም ልቤ ተነካ፤ እውነተኛ ፍርሃት ነበራ። ጋሽ በየነ አጨብጭበው እንደመነሣት አሉና ጀመሩ። "እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም አንሰማም፤ ልጆቻችንን ግን ታውቋቸዋላችሁ። ሕፃን በአፉ ብቻ አያለቅስም፤ በእግሩም በሆዱም ነው። እናቱ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ትተኛለች፤ ገና ሲቃትት ትነቃለች" አሉ። ቀጠሉናም በትሕትና፣ "እርስዎ ይሰማሉ፤ ሰናይት ሌሊት ስታለቅስ እንዴት ያደርጉ ነበር?" ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ዘለቀ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ግን የመጣው ከጓዳ ነው። "እሱ?" አሉ እትዬ አስካለ ብቅ ብለው። "እሱ አንድ ቀን ነቅቶ ያውቃል? የአውቶቡስ ጥሩንባ ጆሮው ሥር ቢነፋ የማይሰማ ሰው! ሳነቃው ዞሮ ይተኛል!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ምን እንደተባለ ሳያውቁ ፊታችንን ያያሉ፤ ሳቄን ውጬ በእጄ ስነግራቸው ደግሞ እነሱ በተራቸው ፈነዱ፣ የጋራዡ ሠራተኛ ዱላው ከእጁ ወደቀ። እነሱ ሲስቁ እኛ እንደገና ሳቅን። አስተርጓሚ ባለበት ቤት ሳቅ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይሄ በሥራዬ ዘመን ካየሁት ጥቅም ሁሉ ትልቁ ነው።

ሳቁ በረደ። ሰናይት ከጓዳው በር ላይ ቆማ የሁሉንም እጅ ስትከታተል ነበር። ጋሽ ዘለቀ ወደሷ ዞሩ። "ጥሎሽ አልፈልግም" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ለጎረቤቱም፣ ለተሳፋሪውም፣ ለዛፉም ሳወራ ኖሬ ከልጄ ጋር አላወራሁም። ልትወስዱብኝ ነው እንግዲህ። ማቴዎስ ከመውሰዱ በፊት ከልጄ ጋር ማውራት ያስተምረኝ። ያን ቀን ትመጣላችሁ፣ እኔ ራሴ እጠይቃታለሁ፣ እሺ ካለችኝ ውሰዱ።" ይህን በእጄ ተረጎምኩላቸው። ጋሽ በየነ ተነሥተው ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ጋሽ ዘለቀ አቅፈው ከለከሏቸው።

ከዚያ በኋላ የማቴዎስ ነገር! ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው፤ በጾም ሰርግ የለም፣ ከጾሙ በፊት ካልሆነ ፋሲካን መጠበቅ ነው። እሱ ደግሞ የዋንዛውን አልጋ ሠርቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ጨርሷል። መጋዙን አሥር ሰዓት ላይ ይጥልና ኮላው እጁ ላይ ሳይደርቅ ታቦርን ይወጣል። አስተማሪ የሚቸኩልበት፣ ተማሪ የሚያፌዝበት ትምህርት ነበር። ጋሽ ዘለቀ ግን ተሰጥኦ ነበራቸው፤ ሾፌር ለካ በመንገድ ላይ ዕድሜውን ሁሉ በእጅ ሲያወራ ነው የሚኖረው። ከፊት ትራፊክ አለ፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ ጎማህን እይ፣ ሚስትህ ሰላም ብላሃለች፣ ይሄን ሁሉ በሚሮጥ መኪና መስኮት ይባባላሉ። ቋንቋውን በፍጥነት ያዙት። ሰናይትም ከአጠገባቸው ትቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ለማረም ነበር፤ ኋላ ግን ማቴዎስ ከሄደም በኋላ ሁለቱ በረንዳው ላይ ሲያወሩ ጎረቤቱ አየ። የነዷቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ነገሯት፣ ተከዜን እንዴት እንደተሻገሩ፣ ሊማሊሞን በጭጋግ እንዴት እንደወረዱ። እሷ ደግሞ በልጅነቷ እሳቸው መንገድ ሲወጡ የት ይሄዳሉ ብላ ታስብ እንደነበር ነገረቻቸው። ይመስላት የነበረው ነገር እንዴት ያስቃል፤ አባቴ ሌላ ቆንጆ ቤት አለው ብላ ነበር! እትዬ አስካለ ይህን ሲነግሩኝ ሳቅና እንባ ተደባልቆባቸው ነበር።

ሦስተኛው ቀን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ማቴዎስ በልማድ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ አዲስ ሱፍ ለብሶ እታች አስፋልቱ ዳር ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እኛ ገብተን ተቀመጥን። ጋሽ ዘለቀ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መሀል ወለል ላይ ከሰናይት ጋር ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ ለመተርጎም እጄን ሳነሣ "ተይ ጽጌ፣ ዛሬ እረፍት ነሽ" አሉኝ። ከዚያ በእነዚያ መሪ ባጠነከራቸው ትልልቅ እጆቻቸው፣ ቀስ ብለው፣ ሳይሳሳቱ፣ ጠየቋት፦ "ልጄ፣ ማቴዎስን ትወጂዋለሽ? ትሄጃለሽ?"

ሰናይት ወዲያው "አዎ" አለች። ጋሽ በየነ እፎይ ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ። እሷ ግን አልጨረሰችም። "ግን አሁን አይደለም" አለች። "ካንተ ጋር ማውራት ገና መጀመሬ ነው። እስከ ፋሲካ ልቆይ።" ወደ ጋሽ ዘለቀ ተመለከትኩ፤ የገባቸው መሆኑን ለማወቅ። እንዴት አይገባቸው! ያ ወሬኛ ሰው እጁ አየር ላይ ቀርቶ ቆሟል። ልጃቸው ናት ሄዳ ያቀፈቻቸው።

ስንወጣ ማቴዎስ ከታች ገና ከግቢው በር ሳንርቅ "ምን ተባለ?" ብሎ በሁለት እጁ ጠየቀ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከተራራ ወደ አስፋልት ማውራት አያቅታቸውም። ጋሽ በየነ "እሺ ብላለች" አሉት፤ ዘሎ ሱቁ በር ላይ ያለውን ሰው አቀፈ። "ከፋሲካ በኋላ" ጨመሩ። ማቴዎስ ሰውየውን ለቀቀው። "ፋሲካ? ለምን ፋሲካ? አልጋው ደርሷል እኮ!" እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ጋሽ ዘለቀ ከኋላችን ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ፣ በሩ ላይ ቆሙ፣ እጃቸውን ታች ድረስ እንዲታይ ከፍ አድርገው መለሱለት፦

"ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እንግዲህ ቻለው!"